የተደበቀ ስለት ማንን ይጠብቃል?

በገበያ ቀን ወደ ሰቆጣ የሚያስገቡትን መንገዶች የተመለከተ ሰው የዋግ ደጋ ወንድ እጁን አንጠልጥሎ እንደማይሄድ ለመገንዘብ ጊዜ አይፈጅበትም። ዱላው አብሮት ነው። የወይራ ከሆነ ልጡ ተልጦ፣ በእሳት ወላፈን ተቃንቶ፣ ቅቤ እየጠጣ የወዛ ነው። በሁለት ትከሻው ላይ ያጋድመውና የእጆቹን አንጓ ከላይ ጣል አድርጎ ረጅሙን መንገድ ይያያዘዋል። ያ ዱላ አህያ ይነዳል፣ ውሻ ያባርራል፣ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ እግር ይሆናል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ጥልቀት ይለካል። የቸገረ ዕለት ደግሞ ባለቤቱን ያስጥላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ከፊት ለፊት ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ይታያል። ባለዱላው እንግድነት ከገባበት ቤትም በር ጥግ ያስደግፈዋል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ሰው እንግዳው ምን ይዞ እንደመጣና ምን እንዳስቀመጠ በዓይኑ ያውቃል። በዋግ ኽምራ፣ በአጠቃላይም በደጋው አገራችን፣ ራስን የመጠበቅ ልማድ የተመሠረተው በዚህ በመታየት ላይ ነው።

ከዚህ ልማድ ጋር የሚቃረን ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። በእጅጌ ውስጥ የሚሸጎጥ ጩቤ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ምላሱ የሚወረወር ሰንጢ፣ እስክሪብቶ መስሎ በኪስ የሚሰካ ስለት፣ የቀበቶ ዘለበት ሆኖ የሚታጠቁት ቢላዋ፣ በከዘራ ሆድ ውስጥ የተሸሸገ ሻምላ፣ የዕለት መገልገያ ዕቃ መስሎ የተሠራ ሽጉጥ። እነዚህን የሚሸጡ ሰዎች ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፦ ራስን መከላከያ። ብዙ አገሮች ደግሞ ከቤት ቢላዋና ከገበሬ ምሳር ይልቅ እነዚህን ለይተው በሕግ ይከለክላሉ። ጉዳዩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለው ይሆናል፤ አንዲት ጣት የምታህል ስለት ታግዳ ግዙፉ ምሳር ለምን ይፈቀዳል? የዚህ ጽሑፍ መልስ አንድ ነው። የመሣሪያ አደጋ በርዝመቱና በክብደቱ ብቻ አይለካም። መሣሪያ ሰውን ከጠብ በፊት እንዲመለስ የሚያደርገው ሲታይ ነው፤ የተደበቀ መሣሪያ ግን ማንንም አያስጠነቅቅም፣ ሥራውን የሚጀምረው ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕግ ጠበቅ ማለት ያለበት መደበቅና ማስመሰል ላይ ነው፤ ለቀቅ ማለት ያለበት ደግሞ በግልጽ በሚያዝ የሥራ መሣሪያ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት የዘመናችን ሕግ አውጪዎች የፈጠሩት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ አንባቢ በመጽሐፈ መሳፍንት ግራኙን ናዖድን ያስታውሳል። ሁለት አፍ ያላት አጭር ሰይፍ በቀኝ ጭኑ በኩል ከልብሱ በታች ታጥቆ ወደ ሞዓብ ንጉሥ ገባ፤ ግራኝ ስለነበረ ማንም በዚያ በኩል መሣሪያ ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም። ታሪኩ ናዖድን ሕዝቡን ነፃ እንዳወጣ ሰው ያቀርበዋል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ደግሞ ኢዮአብ አሜሳይን በሰላምታ ጢሙን ይዞ ሊስመው ሲጠጋ በሌላ እጁ በያዘው ሰይፍ ወጋው። ያ ደም በኢዮአብ ላይ ቀረ፤ ዳዊትም ሊሞት ሲል ለልጁ ለሰሎሞን የነገረው ይህንኑ በሰላም ጊዜ የፈሰሰ ደም ነበር። የሁለቱ ድርጊት በዓላማ ይለያይ እንጂ የመሣሪያው ጠባይ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ስለቱ የተሠራው ቀድሞ ለመምታት ነው፣ የሚመጣን ምት ለመመለስ አልነበረም። ራስን መከላከልን በተመለከተ ግን ኦሪት ዘጸአት ሌላ መለኪያ ይሰጣል። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። በጨለማ የመጣውን ሰው ዓላማ ማወቅ አይቻልም፤ በብርሃን ግን ማየት፣ መጮህ፣ ጎረቤት መጥራት ይቻላል። ማየት ሲቻል የመግደል ፈቃድ ይጠባል ማለት ነው።

የዓለም ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት በኢየሩሳሌም በበዓል ሕዝብ መካከል እየተሹለከለኩ ሰው የሚወጉ ቡድኖች ነበሩ፤ ስማቸውን ያገኙት በልብሳቸው ሥር ከሚደብቋት ሲካ ከምትባል አጭር ጩቤ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ነፍሰ ገዳዮች የተባሉት በግሪክኛው በዚሁ ስም ይጠራሉ። በአውሮፓ ባላባቶች ሰይፍ በአደባባይ መታጠቅን ሲተዉ ሻምላ የተሸሸገበት ከዘራ ፋሽን ሆነ፤ ባለቤቶቹም ለወንበዴ መከላከያ ነው ይሉ ነበር። በመስከረም 1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቡልጋሪያው ስደተኛ ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ ለንደን ውስጥ ዋተርሉ ድልድይ አጠገብ አውቶቡስ ሲጠብቅ እግሩን አንዳች ነገር ወጋው። ዘወር ሲል አንድ ሰው ጃንጥላ ከመሬት ሲያነሳ አየ። ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። ከሥጋው የወጣችው የመርፌ ራስ የምታህል ጥይት ከጉሎ ፍሬ የሚወጣውን ሪሲን የተባለ መርዝ የያዘች ነበረች ተብሎ ታምኗል። በቤታችን አጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎና ለዝናብ የምንይዘው ጃንጥላ ተጣምረው የሞት መሣሪያ ሆኑ። ማርኮቭ ራሱን ለመከላከል ዕድል አላገኘም፤ ያጠቃው ዕቃ ማንም የማይፈራው ዕቃ ነበርና።

አገሮች ሕግ ያወጡት ይህን ጠባይ እያዩ ነው። ብሪታንያ በ1953 እ.ኤ.አ. ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ የጥቃት መሣሪያ መያዝን ከለከለች፤ በ1959 ምላሳቸው በቁልፍ የሚወረወር ሰንጢዎች እንዳይሠሩና እንዳይሸጡ አገደች፤ በ1988 ደግሞ ሻምላ ያለበትን ከዘራ፣ የቀበቶ ዘለበት ቢላዋን፣ የጣት ብረትን፣ ክንፉ እንደ ቢራቢሮ የሚገለጥ ሰንጢን በዝርዝር ጠቅሳ ንግዳቸውን ዘጋች። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙዎቹ ሌላ ነገር የሚመስሉ ወይም በዓይን ጥቅሻ የሚወጡ መሆናቸውን ይረዳል። በዚያው ሕግ ከሦስት ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ስለት ያለው ተራ ታጣፊ ሰንጢ ግን በኪስ ቢገኝ አያስጠይቅም። አሜሪካ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እስክሪብቶና ከዘራ መስለው የተሠሩ ጠመንጃዎችን ከሌላው ለይታ በልዩ ምዝገባ ሥር አስገባች፤ በ1958 ደግሞ የተወርዋሪ ሰንጢን ንግድ በክፍለ ግዛቶች መካከል ከለከለች። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ማወቅ ይበጃቸዋል። በአሜሪካ በየሱቁ የሚሸጠው ዓይን የሚያቃጥል የበርበሬ ርጭት በብሪታንያ ከጦር መሣሪያ ጋር ተቆጥሮ የተከለከለ ነው። ከዋሽንግተን ለንደን ላለች እህት በስጦታ የተላከ ጠርሙስ እህትን ችሎት ፊት ሊያቆም ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መሠረቱን የምናገኘው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላ ሰውን መከላከልን አይቀጣም፤ አራት ነገሮችን ግን ይጠይቃል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ለሰው ልጅ ደካማነት ቦታ ይተዋል፤ ከመጠን ያለፈው በድንጋጤ ወይም በጥቃቱ በተፈጠረ ይቅር በሚያሰኝ ፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ቅጣት ላይጥል ይችላል። ሰው ሞቶ እንኳ ከሆነ ከመከላከል ወሰን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሲያስቀጣ፣ ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 84 ክህደትን፣ የሌሊት ጊዜን፣ በመሣሪያና በአደገኛ ነገር መጠቀምን ቅጣት ማክበጃ አድርጎ ያስቀምጣል። እንግዲህ የተደበቀ ስለት ይዞ የወጣ ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚጠብቀውን ጥያቄ መገመት አያዳግትም፦ ለምን ደበቅኸው? ከዘራውን ሻምላ እንዲሸሽግ አድርጎ ያሠራ ሰው በድንገት ፈርቼ ነው ብሎ ሲናገር ለማመን ይከብዳል፤ ዝግጅቱ አስቀድሞ ተናግሯልና። ራሴን እጠብቅበታለሁ ብሎ የያዘው ዕቃ የመከላከል መብቱን የሚያጠብበት ምስክር ይሆንበታል።

የጠመንጃና የሽጉጥ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ አድርጎ ግለሰቦች በንግዱ እንዳይሳተፉ ከልክሏል። የአዋጁ አስፈላጊነት ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ በፖሊስ መግለጫዎች ስሙ እየተደጋገመ የሚነሳው ኢኮልፒ ሽጉጥ ነው። ኢኮል ባዶ ድምፅ ብቻ የሚያሰሙ፣ ለማስደንገጫ የሚባሉ ሽጉጦች የሚሸጡበት የቱርክ የንግድ ስም ነው፤ እንዲህ ያሉ ሽጉጦች በሕገ ወጥ ሠራተኞች እጅ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ ተደርገው ይለወጣሉ። ይህ የማስመሰል ሌላ ገጽታ ነው። አንዱ ዕቃ ጉዳት የለሽ መስሎ ይገድላል፤ ሌላው ገዳይ መስሎ ባዶ ይሆናል። በዚህ መካከል ትክክለኛ ግምት ማድረግ የሚችል ሰው የለም፤ ግምት የጠፋበት ጠብ ደግሞ ቶሎ ወደ ደም ይሄዳል። የዋግ ሕዝብ የመሣሪያን ክብደት ከታሪኩ ያውቃል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት ዋግሹም ጎበዜ በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ አሰም ላይ በቁጥር የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው የተሸነፉት፣ ተቀናቃኛቸው ደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የእንግሊዝ ጦር ትቶላቸው የሄደውን መድፍና ጠመንጃ ይዘው ስለነበር ነው። ያ ግን ሁለቱም ወገን የተያዩበት የሜዳ ውጊያ ነበር። በእጅጌ የሚሸጎጥ ጩቤን ከዚያ ጀግንነት ጋር የሚያዛምደው ነገር የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የደካማው ሰው ጥያቄ ነው። ጉልበተኛ በግልጽ ዱላ ይይዛል፤ ጎህ ሳይቀድ ውኃ ለመቅዳት የምትወርድ ልጅ ወይም ከሥራ አምሽታ የምትመለስ ሴት ምን ትያዝ? ያላት ብቸኛ ኃይል አጥቂው ያልጠበቀው ነገር አይደለምን? ጥያቄው የእውነት ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተመለከተው አንድ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በማሳቹሴትስ የምትኖር አንዲት ሴት የቀድሞ ወዳጇ ሆስፒታል እስክትገባ ደብድቧት ነበር፤ የፍርድ ቤት እገዳ አላስጣላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠበቃት። በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ አነስተኛ መሣሪያ አውጥታ አሳየችው፤ ካልሄድክ እጠቀምበታለሁ አለችው፤ ፈርቶ ሄደ። በኋላ ፖሊስ መሣሪያውን ስላገኘባት በክፍለ ግዛቱ ሕግ ጥፋተኛ ተባለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ያንን ውሳኔ ሻረው። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ያጤነ ሰው ሁለት ነገር ያያል። መሣሪያው ያዳናት ስላሳየችው ነው፤ አንድም ጊዜ አልተጠቀመችበትም። ሁለተኛም የሚገድል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የደካማው ጥያቄ የሚመራን ወደ ተደበቀ ጩቤ ሳይሆን ሕግ ለማይገድል፣ ለሚያስጮህ፣ ለሚያስጠነቅቅ መከላከያ ግልጽ በር እንዲከፍት ወደ መጠየቅ ነው። ስለት ግን ጉልበት ባለው እጅ ሊነጠቅ ይችላል፤ ከተነጠቀም በኋላ በባለቤቱ ላይ ይዞራል። ለደካማ ሰው ከዚህ የከፋ ውል የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም የሚለው ነው። ሕጉ ትጥቅ የሚያስፈታው ጨዋውን ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ለዘረፋ የወጣ ሰው አዋጅ አንብቦ አይመለስም። ነገር ግን በየመንደሩ ደም የሚፈሰው በወንበዴ እጅ ብቻ አይደለም። በድንበር ግፊያ፣ በከብት ማሳ መግባት፣ በጠላ ቤት ክርክር፣ በሠርግ ምሽት ስካር የሚነሳ ጠብም አለ፤ በእንዲህ ያለ ጠብ ሁለቱም ወገን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጠበኛው ባዶ እጁን ከሆነ ገላጋይ ይደርሳል፤ ዱላ ከያዘም ገላጋዩ ዱላውን ይይዛል። በኪሱ ያለውን ጩቤ ግን ገላጋይ አያየውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስለቱ የሚያርፈው በተጣላው ሰው ላይ ሳይሆን መሐል በገባው ገላጋይ ላይ ነው። ሕግ ወንበዴውን ባያስቆም እንኳ ጨዋውን ሰው ከራሱ ንዴት ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ደጋው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው ከሞተ ደም መላሽ ይነሳል፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ደሙን እስኪያደርቁ ድረስ ሁለት ቤተሰብ ገበያ መውጣት ይፈራል፣ እርሻ ጦም ያድራል።

ሦስተኛው ስጋት ክልከላው የዕለት ኑሮን ይነካል የሚል ነው። የቆሎ ተማሪ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጸው በሰንጢ ነው፤ ጫፉን አጋድሞ ይቆርጣል፣ መሐሉን በስሱ ይሰነጥቃል፣ ቀለም ነክሮ ይሞክራል፣ እንደገና ይቀርጻል። ገበሬ ማጭዱን፣ እንጨት ለቃሚ ምሳሩን ይዞ መንገድ ይወጣል። በግብዣ ላይ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጠው ቢላዋ ከብዙ ጩቤ ይረዝማል፤ ገበታ ላይ ስለተቀመጠ ግን ማንም አይደነግጥም። መለኪያው በመታየትና በመደበቅ ላይ ከተመሠረተ እነዚህ ሁሉ ከስጋት ነፃ ናቸው። አንድ ሰው ምን ያዘ ከማለት ይልቅ እንዴት ያዘው፣ የት ያዘው፣ ለምን ያዘው ብሎ መጠየቅ ፖሊስንም ዳኛንም ከስሕተት ያድናል። አባቶቻችን ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ያሉት ለንግግርና ለጨርቅ ብቻ አይመስልም፤ ለስለትም ይሠራል። ይህ መለኪያ ግን በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል የትኞቹ ዕቃዎች በምንም ምክንያት እንደማይሠሩና እንደማይሸጡ በስም ተዘርዝሮ በአማርኛም በዋግ ኽምራው ቋንቋ በኽምጣናም ሕዝብ ዘንድ ቢደርስ፣ ነጋዴው የሚሸጠውን፣ ፖሊሱም የሚይዘውን ለይቶ ያውቃል።

የሚታይ መሣሪያስ አይገድልም ወይ? ይገድላል። ክላሽ በትከሻ ላይ በግልጽ ተንጠልጥሎም ስንት ሕይወት ቀጥፏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት ለዋግ ኽምራም ተርፏል፤ ከአበርገሌና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ተጠልለው ከርመዋል። እንዲህ ያለ ዘመን ያለፈበት ሰው አንድ ነገር በጉያዬ ልያዝ ቢል ክፉ ልብ ስላለው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። መታየት ብቻውን ንጽሕና ነው የሚል ክርክርም እዚህ አልቀረበም። የታየ መሣሪያ ግን ሊመዘገብ፣ ሊቆጠር፣ ባለቤቱ ሊጠየቅ፣ በር ላይ ተው አስቀምጥ ሊባል ይችላል። ሽማግሌ ሊያስፈታው ይችላል። የተደበቀው ከእነዚህ ሁሉ ያመልጣል። ፍርሃትን በተመለከተም ሁሉም በየኪሱ ስለት ቢይዝ ፍርሃቱ አይቀንስም፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ኪስ መጠርጠር ይጀምራል፣ ቀድሞ ያልመታ የሚመታ ይመስለዋል።

ፍርሃትን የሚቀንሰው ሌላ ነገር ነው። ማምሻውን መንገድ ላይ የበራ አምፖል፣ ልጃገረዶች ውኃም ትምህርት ቤትም ተጠራርተው የሚሄዱበት ልማድ፣ አቤት ሲባል ሳይውል ሳያድር የሚደርስ ፖሊስ፣ ክርክርን በቀጠሮ የማያንዛዛ ፍርድ ቤት፣ ጠብ ሳይከር የሚሰበሰብ የሽማግሌ ጉባኤ፤ እነዚህ ከየትኛውም ጩቤ ይበልጥ ሰው ያድናሉ። ሕግ አስከባሪ ስለትን ከኪስ ሲያስወጣ ደኅንነትን በምትኩ ማስገባት ግዴታው ነው፤ ያንን ሳያደርግ የሚደረግ ፍተሻ ሕዝቡ እንደ መራቆት ይቆጥረዋል፣ ቢቆጥረውም አይፈረድበትም። የአንባቢው ድርሻ ደግሞ ከባድ አይደለም። ራስን መከላከያ ተብሎ የሚሸጥ እንግዳ ዕቃ ሲያጋጥምዎ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሕጉ ይፈቅደዋል? ይህ ዕቃ የሚሠራው ሲታይ ነው ወይስ ሲደበቅ? ለመጀመሪያው በአቅራቢያዎ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ይመልስልዎታል። የሁለተኛው መልስ ሲደበቅ ከሆነ ግን ዕቃው ለመከላከል አልተሠራም፤ ለእርስዎም ለልጅዎም አይበጅምና ሱቁ ውስጥ ይተዉት።